ባዶውን መስኮት ሳላይ

ከሌሊት ፈረቃ ከገባሁ ሦስት ሰዓት ሆኖኛል፤ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ጠርዙን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተጋድሜአለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም። ቀን የሚተኛ ሰው መጋረጃ አያድነውም፤ ብርሃኑ በሆነ ቀዳዳ ይሾልክና ጣሪያው ላይ አንድ ነጭ መስመር ያሰምራል፣ እኔም መስመሩ የት ላይ እንደሚጎብጥ፣ የት ላይ እንደሚሰበር እከታተላለሁ፣ እንጀራዬ ነዋ፣ መስመር ማንበብ። ታናሽ እህቴ ጠዋት ስትደውል ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ስለ ልጇ ጥርስ አወራችኝ፣ ስለ እማ ጉልበት አወራችኝ፣ ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ዋዛ፣ የእቴቴን መጭመቂያ ዛሬ ይወስዱታል አለችኝ። ከሌላ ከተማ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፣ አሥር ሰዓት ላይ መኪናቸው ይደርሳል፣ ነቅለው ይጭኑታል፣ በቃ እቴቴም ታርፋለች አለች። እሺ አልኳት። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ቀና ብላ አየችኝ፣ ምናልባት ፊቴ እሺ የሚል ሰው ፊት አልመሰላት ይሆናል። ከእሺ ሌላ የተናገርኩት ትዝ አይለኝም።

እቴቴ የእማ ታላቅ እህት ናት። እቴቴ የምላት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላት። የሰሊጥ ዘይት ትጨምቃለች፤ ግቢዋ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መሬት ላይ በብሎን የታሰረ፣ ሲነሳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ የሚያንቀጠቅጥ ማሽን አላት፣ ባሏ ሲሞት የተረፋት እሱ ነው፣ ልጅ አልወለዱም። እማ ታማ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ሦስት ዓመታት እቴቴ ዘንድ ነው ያደግሁት። የቤት ሥራዬን ሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ፣ ደብተሬ መቼም ከዘይት ነጥብ አይጠራም፣ መምህሩ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለክፍሉ ያሳየዋል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ዘይቱ ይሉኛል። ዘይቱ መጣ፣ ዘይቱ አታንሸራትተን፣ ዘይቱ ኳሷን አትንካት። እያለቀስኩ እገባለሁ። እቴቴ ማባበል አታውቅም፣ የግሪሱን ቆርቆሮ ታቀብለኝና ና መዘውሩን ቀባልኝ፣ እንዳይጮህብኝ ትለኛለች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የጋሪ ጎማ የሚቀባበት ዓይነት ግሪስ ነው፣ በጣቴ እየዛቅሁ እቀባለሁ፣ ስጨርስ ለቅሶዬን ረስቼዋለሁ። ያንን ግሪስ ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ ብቻ ከሺህ ግሪስ እለየዋለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አሁን የምሠራው ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ሰዎች ዘይት፣ ቀለም፣ ሙጫ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ በትንንሽ ጠርሙስ ይልካሉ፣ እኛ ኢንፍራሬድ በሚባለው ዓይን በማያየው ብርሃን መርምረን ምን እንደሆነ እንነግራቸዋለን። ለዚያ ብርሃን ብርጭቆ ግድግዳ ነው፣ አያሳልፈውም፣ ስለዚህ መስኮታችን ጨው ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ በአዲስ ገቢ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ ጨው፣ ያው ምግብ ውስጥ የሚገባው ጨው፣ ሳንቲም አክሎ ተቆርጦ፣ እንደ መስተዋት እስኪጠራ ተወልውሎ። በሁለት ጨው መሃል አንዲት ጠብታ ታደርጋለህ፣ ጫን ታደርገዋለህ፣ ማሽኑ ውስጥ ታስገባለህ፤ ብርሃኑ ጨውን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፍና ጠብታዋን ያገኛታል፣ ወረቀት ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል፣ እያንዳንዱ ጥርስ የራሱ ባለቤት አለው። ጨው ግን ውሃ አይችልም። ላብ ያለበት ጣት ከነካው አሻራውን ይዞ ይቀራል፣ ትንፋሽ ካረፈበት ይደበዝዛል። ውሃ ያለበት ነገር ሲመጣ ሌላ መስኮት አለ፣ ውሃ የማይፈታው፣ እሱ ደግሞ የመስመሩን ጫፍ ይጋርዳል፤ ቢጫም አለ፣ ውሃ የማይበግረው፣ አሲድ ግን የሚበላው፤ አልማዝም አለ፣ እሱን ኃላፊው ካልሆነ ማንም አይነካውም። ሁሉን የሚያሳይ፣ በምንም የማይበላሽ መስኮት የለም። ይህን ያስተማረኝ ለጡረታ አንድ ዓመት የቀረው፣ በልቤ ወልዋዩ የምለው ሰው ነው፤ የደበዘዙትን ጨዎች አልኮል ባረሰረሰው ጨርቅ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራ ሲወለውል ይውላል። የመጀመሪያ ቀን፣ ቋንቋቸውን በቅጡ ሳልይዝ፣ ቀስ እያለ አንድ ነገር ነገረኝ። ሌላውን እያደር ትማረዋለህ፣ ይህን ግን ዛሬውኑ ያዝ፣ ምንም ከማድረግህ በፊት ባዶውን መስኮት አስገብተህ እይ፣ አለዚያ የመስኮቱን ጉድ በናሙናው ላይ ትለጥፋለህ አለኝ። ገብቶኛል አልኩት፣ እውነትም ገብቶኝ ነበር።

ወሬው ከየት እንደተነሳ እስካሁን አይታወቅም። የእቴቴ ማሽን አርጅቷል፣ ግሪሱ ዘይቱ ውስጥ ይንጠባጠባል ተባለ፤ አንዷ ጎረቤት ሆዷን ታመመች፣ በዘይቱ ተመካኘ፤ ሌላዋ እኔም እኮ ሰሞኑን አላማረኝም አለች። እቴቴ ስትሰማ ሳቀች አሉ። ከዚያ አንድ ባዶ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ አፍልታ አጥባ አደረቀች፣ ከዕለቱ ዘይት ሞላችው፣ ክዳኑን በፕላስተር ሦስት ዙር ጠመጠመችው፣ ወደዚህ ለሚመጣ መንገደኛ ሰጠችው። ልጄ ይየው፣ ያን ጊዜ አፋቸውን ይይዛሉ ብላ ነው የላከችው። ልጄ ነው ያለችው። መንገደኛው ጠርሙሱን ሲያስረክበኝ፣ ይህቺ ሴትዮ ፈታሾቹ መድኃኒት መስሏቸው እንዳይቀሙህ ብላ ስታስጠነቅቀኝ ጆሮዬን በላችኝ እያለ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

የግል ዕቃ ማስመርመር ክልክል ነው። ስለዚህ ፈረቃዬ ሊያልቅ ሲል፣ የቀኖቹ ሠራተኞች ከመግባታቸው በፊት፣ አሥር ደቂቃ ሰረቅሁ። የኃላፊው መኪና መጣ አልመጣ እያልኩ ባንድ ዓይኔ ግቢውን አያለሁ። ፕላስተሩን ስልጠው፣ ክዳኑን ሳዞረው፣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጆንያው ላይ ተቀምጫለሁ፣ እቴቴ ከጀርባዬ ቆማ ማካፈል እንዴት ነው የሚሠሩት እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔ አዋቂ ሆኜ አስረዳታለሁ። ከማድረቂያው ዕቃ ሁለት ጨው አነሳሁ፣ ንጹሕ ይመስላሉ። ጠብታዋን አደረግሁ። ባዶውን መስኮት አላየሁም። ባዶውን ማየት አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ማሽኑ የትናንቱን ይዟል፣ ይበቃል አልኩ። መስመሩ ወጣ፤ የሰሊጥ ጥርሶች ሁሉ በየቦታቸው አሉ፣ ወደ ወረቀቱ መጨረሻ ግን ሰሊጥ የማያውቃቸው ሦስት ጥርሶች አፍጠው ያዩኛል። ማሽኑ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ አንድ ቃል ጻፈልኝ፣ ግሪስ። የትኛው ግሪስ እንደሆነ ከሥሩ በትንንሹ ተዘርዝሯል፣ የሲሊኮን ይላል፣ ነጩ፣ እኛው ላቦራቶሪ ውስጥ ለመገጣጠሚያ የምንቀባው። እቴቴ ግቢ ውስጥ ነጭ ግሪስ ኖሮ አያውቅም። የእሷን በጣቴ የቀባሁት እኔው ነኝ፣ ጥቁር ነው፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። አንዲት ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ማሽኑ ራሱ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሜ ለእማ ደወልኩ። እማ እኔ ስደውል ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ መክፈት ትወዳለች፤ ብርድ ነው ብል እንኳ ለሰፈሩ ዜና ነው። ጎረቤቶች ቤቷ ነበሩ፣ የብርጭቆና የወንበር ድምፅ ይሰማኛል፣ አንዷ ውጤቱ መጣ ወይ ስትል ሰማኋት። እማ ድምፁን ቀንሺው ልላት እችል ነበር። መጀመሪያ ለእቴቴ ልደውል እችል ነበር። አላደረግሁም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሰው እንደሚሰማኝ ሳውቅ ድምፄ ወፈር አለ። እነዚያ ዘይቱ እያሉ የሚስቁብኝ ልጆች እናቶቻቸው ተሰብስበው ትንፋሻቸውን ውጠው እኔን ሲያዳምጡ፣ ደስ አለኝ። እቴቴን በማማት አይደለም ደስ ያለኝ፣ በመደመጤ ነው፣ ግን ያው ነው፣ ልዩነቱ ለእቴቴ ምን ይጠቅማታል።

«ግሪስ አለበት» አልኩ። «በማሽን ነው ያየሁት። አትብሉት፣ ለልጆችም አትስጡ።»

አንዷ፣ እንግዲህ እሱ ካለ በቃ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእቴቴን በር በጠርሙስ ያንኳኳ ሰው የለም። ወሬ ሲሆን የሚያምንም የማያምንም ነበር፣ የእኔ ቃል ሲጨመርበት ግን ማኅተም ሆነ። እቴቴ ምን አለች ብዬ እህቴን ጠየቅኋት፤ ምንም አላለች፣ ልጄ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀች አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ነው ወልዋዩ ከጨዎቹ አንዱን ወደ መብራቱ አንስቶ፣ ሲያገላብጠው ቆይቶ፣ ወደ እኔ የዞረው። ከቀኖቹ ሠራተኞች አንዱ በእነዚያ ጨዎች ነጩን ግሪስ መርምሮባቸው፣ በፈሳሽ ማጠብ ሲገባው በደረቅ ወረቀት ጠርጎ መልሷቸዋል፤ ዓይን የማያየው ጭረት ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ባዶውን አስገባው አለኝ። አስገባሁት። ምንም የሌለበት መስኮት፣ አየር ብቻ፣ ሦስቱ ጥርሶች ያው በቦታቸው አፍጠው ወጡ። ወልዋዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ስለ ደንበኞቹ ናሙና የደነገጥኩ መስሎት። እዚህ አገር ስህተት ቅጽ አለው። ማንም አይጮህብህም፣ ቅጹን ይሰጡሃል። ምን ተፈጠረ፣ ለምን ተፈጠረ፣ እንዳይደገም ምን ይደረግ፤ የደንበኞቹ ናሙናዎች እንደገና ይሠሩ ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻው ጥያቄ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ይላል፣ አለና የለም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ፣ አለ ብል ማን ሊሉኝ ነው፣ የግል ዕቃ ማስገባቴ ሊወጣ ነው፤ የለም የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ኃላፊው ስለ ግልጽነቴ አመሰገነኝ።

አምስት እሑድ አለፈ። አምስቱንም እሑድ ለእማ ደውያለሁ፣ አምስቱንም እሑድ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ተመልሷል። እማ ትመርቀኛለች፣ አንተ ባትነግረን ኖሮ ሆዳችን ጋራዥ ሆኖ ነበር ትላለች፣ ጎረቤቶቹ ከኋላ ይስቃሉ፣ አሜን እላለሁ። ስለ እቴቴ ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እህቴ ናት፣ ደሜ ናት፣ ግን ይህን ያህል ዓመት ግሪስ ስታበላን መናገር ነበረባት፣ አሁን ሰላምታችንም ከደጃፍ አያልፍም ትላለች። ሁለት እህትማማቾች፣ በመሃላቸው መንገድ ብቻ ያለ፣ በእኔ አፍ ተለያዩ። እኔም ሰበብ አላጣሁም። በዚህ እሑድ እማ ደክሟታል፣ በሚቀጥለው ሰው በዝቷል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አሁን ብናገር አምስት ሳምንት የት ነበርክ ይሉኛል፤ ዝምታ በቆየ ቁጥር ለመስበር ይጠነክራል፣ ያጠነከርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ውሸታም እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ስለፈራሁም ውሸታም ሆንኩ።

ከግድግዳው ማዶ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ተራ የሚያዘው በር ላይ በተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው፣ ስምህን ሳትጽፍ ብትገባ ማስጠንቀቂያ በፖስታ ይደርስሃል፣ እኔ አንድ ጊዜ ደርሶኛል። አሁን አንዱ ማሽን መጭመቅ ጀመረ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ይርገበገባል፣ ጣሪያው ላይ ያለው መስመር ይወዛወዛል፣ እቴቴ ሰሊጡን አፍስሳዋለች፣ ፎቶው ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ባሏ ፎቶው ውስጥ ሆኖ ራሱን የሚነቀንቅ ይመስላል፣ ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ልጄ ና ቅመሰው ትለኛለች። ማሽኑ ቆመ። ጸጥ ሲል ቀጥ ብዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ሰዓቱን አየሁ፣ እዚያ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እጄ ከእኔ ቀድሞ ደወለ።

እቴቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው። በዚህ ሰዓት ምነው፣ አመመህ እንዴ አለችኝ። ከኋላዋ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል። ሰዎቹ ቀድመው መጥተዋል፣ ብሎኑን እየፈቱ ነው፣ ዝጎ እምቢ ብሏቸዋል አለች። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ጨውን፣ ነጩን ግሪስ፣ ባዶውን መስኮት አለማየቴን፣ አምስቱን እሑድ። የምናገረው ሲያልቅብኝ ብረቱ ብቻ ይሰማል፣ ኳ፣ ኳ።

«አውቄ ነበር» አለችኝ።

ምኑን ነው ያወቅሽው አልኳት።

«ዘይቴን ነዋ። ሠላሳ ዓመት የጨመቅሁትን አላውቀውም? እንደተሳሳትክ የዛኑ ዕለት ነው ያወቅሁት።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ለምን አልደወልሽልኝም አልኳት።

«ምን ልበል? ልጃችን አያውቅም ብዬ ላውራ? እናትህ ባንተ ቃል ነው ቀና ብላ የምትሄደው። አንተ ውሸታም ከምትባል የእኔ ዘይት ቢደፋ ይሻላል ብዬ ነው።»

አለቀስኩ። እሷ ግን ልማዷ አይደል፣ ሳላባብል ለቅሶ ላስቁም ብላ፣ እንዴ፣ ዘይቴን በጨው ነው ያየኸው፣ ምነው በርበሬም ጣል አላደረግህበት አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አሁንም ለማንም እንዳትናገር፣ እኔም ጉልበቴ አልቋል፣ ሰዎቹም መንገድ ደክሟቸው መጥተዋል፣ ይውሰዱት፣ አንተ ሄደህ ተኛ አለችኝ። ስልኩን ዘጋችው። ተኛ ተብያለሁ። ይቅር ተብያለሁ፣ ፈቃድም ተሰጥቶኛል፣ ራሴን ትራሱ ላይ ባደርገው እንቅልፍ የሚመጣ ይመስለኛል፣ ግን እንዲህ ከሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ሸክሜን በእሷ ጀርባ ላይ ጥዬ ልተኛ ነው። ሳጥኑ ታየኝ፣ የለም የሚለው፣ የገዛ ምልክቴ ያለበት። ለእማ ደወልኩ።

አነሳችው። ማን አለ ቤት አልኳት። ጎረቤቶቹ አሉ፣ በር ላይ ቆመን መኪናውን እያየን ነው፣ ግማሹ ተፈታ፣ ምነው በሰላም ነው አለች።

«ስልኩ ለሁሉም ይሰማል?» አልኳት።

ይሰማል አለች።

«እማ፣ ስለ እቴቴ ዘይት የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም።»

«ቆይ፣ ቆይ ላጥፋው» አለች፣ እየተጣደፈች።

«አታጥፊው። ያን ቀንም ተከፍቶ ነው የተናገርኩት። የእቴቴ ዘይት ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም። ቆሻሻው ያለው እኔ ባየሁበት መስኮት ላይ ነው፣ መስኮቱን ሳላይ ነው አፌን የከፈትኩት። ካወቅሁ አምስት ሳምንቴ ነው፣ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

አንዲት ሴት፣ እና እኛ ይኼን ሁሉ ጊዜ አለችና ሳትጨርሰው ቀረች። እማ ስትተነፍስ ይሰማኛል፣ ቀና ብላ የምትሄድበትን ቃሌን ከእጇ እንደነጠቅኋት ይገባኛል፣ የእቴቴን የሦስት ወር ዝምታ ከንቱ እንዳደረግሁባትም ይገባኛል፣ ቢሆንም መሬት ላይ የነበረው የእቴቴ ስም ነው። ቀስ ብላ፣

«አሁን እኔ በየትኛው ፊቴ ነው እሷ ደጅ የምሄደው?» አለች።

«ስልኩን ሳትዘጊ ይዘሽኝ ሂጂ» አልኳት።

ነጠላ ጫማዋ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ በጉልበቷ ምክንያት አንዱን እግሯን ትጎትታለች፤ የደጃችን ደረጃ፣ ከዚያ ጠጠሩ፣ ከዚያ መንገዱ፣ እርምጃውን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ ሃያ ሁለት እቆጥረው ነበር። ከኋላዋ ሌሎች ጫማዎችም አሉ። የእቴቴ ግቢ ስትገባ ወንዶቹን፣ እስኪ አንዴ ጠብቁ፣ አትፍቱት አለቻቸው፣ ኳኳታው ቆመ። የእቴቴ ቤት የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ማነው የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እማ ስልኩን ወደ በሩ ስታስጠጋው ታወቀኝ።

«እኔ ነኝ እቴቴ» አልኩ፣ ሁሉም እየሰሙ። «ዘይቱ ነኝ።»